ህዋሳችን ሲባዛ ምን ያፈርሳል?

*አንድ ህዋስ ለሁለት የሚከፈልባትን ደቂቃ የሚወስኑት፣ የሚወገደውን ለይተው ምልክት የሚያደርጉ ፕሮቲኖች ናቸው*

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ማይክሮስኮፑ በፕላስቲክ ሳጥን ታጥሯል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ይሞቃል። ከሌንሱ በላይ በተቀመጠች ስስ ብርጭቆ ላይ የሰው ህዋሳት ተዘርግተዋል። ካሜራው በየሁለት ደቂቃው አንድ ፎቶ እያነሳ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ተመራማሪዋ የሚያበራ ፕሮቲን ቀደም ብላ ስላስገባች ክሮሞሶሞቹ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ።

አንዱ ህዋስ ሊከፈል ነው። ክሮሞሶሞቹ ከሁለቱም ጫፍ በመጡ ስስ ክሮች ተይዘው መሐል ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ ብቻ ዳር ቀርታለች። በአንድ ወገን ክር ይዟታል፣ በሌላው ግን ገና ነው፤ ወዲህ ወዲያ ትላለች። አርባ አምስቱ ደርሰው አንዷን ይጠብቃሉ። አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ አሥር ደቂቃ ያልፋል። በስተመጨረሻ የጎደላት ክር ያገኛትና ተጎትታ ከሰልፉ ትገባለች። አሁንም ግን ምንም አይሆንም፤ ህዋሱ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ከዚያ በኋላ ክሮሞሶሞቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከመንታቸው ተላቀው ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይሳባል።

ይህን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ተማሪዎች ዓይናቸው የሚያርፈው መለያየቱ ላይ ነው። ሥራዬ ብለው የያዙት ግን ከመለያየቱ በፊት ያለችውን ምንም የማይታይባትን ጊዜ አትኩረው ያያሉ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች በጅምላ እየተቆራረጡ ነው። እነሱ እስካሉ ድረስ ክሮሞሶሞቹ አይላቀቁም፤ ህዋሱም ክፍፍሉን አይጨርስም።

ከትምህርት ቤት የቀረው ግማሽ

ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ሰው ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝና ቴሎፌዝን በቅደም ተከተል ሸምድዷል። ቤተ ሙከራ ባለው ትምህርት ቤት የተማረ ደግሞ የሽንኩርት ሥር ጫፍ ቆርጦ፣ በአሲድ አለስልሶ፣ ቀለም አጠጥቶ፣ በሁለት መስታወት መሐል ጨፍልቆ አይቷል። እዚያ የሚታየው ህዋስ የሞተ ነው፤ በነበረበት ደርቆ ቀርቷል። ስለዚህ የአራቱ ምዕራፎች ስም በአእምሮ ይቀራል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ነገር ግን ሳይነሳ ይታለፋል። የባዮሎጂ መምህራንም ተማሪ «ህዋሱ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቃቸው መጽሐፉ ብዙ እንደማያግዛቸው አይደብቁም።

ይህን ጥያቄ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚገምተው አንድ አዲስ ነገር ይመረታል፣ እሱም ክፍፍሉን ያስጀምራል ብሎ ነው። ግምቱ በከፊል ልክ ነው። ህዋሱ ዲኤንኤውን እጥፍ ያደርጋል፣ ክሮቹን ይዘረጋል፣ ብዙ ኢንዛይም ይሠራል። ችግሩ ከተሠራው አብዛኛው ወደ ኋላ ሊመለስ መቻሉ ነው። የተዘረጋ ክር ይሰበሰባል፣ ፕሮቲን ላይ የተለጠፈ ፎስፌት ይነቀላል። የተቆራረጠ ፕሮቲን ግን አይቀጠልም። ህዋስ መመለሻ የሌለው እርምጃ መውሰድ ሲኖርበት ማፍረስን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ የሚፈርሰውን የሚመርጡለትም ዩቢኩዊቲን ላይጌዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት ስለ መገንባት ብዙ ገጽ ጽፈው ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፋቸው፣ ለኔ፣ የርእሱን ልብ መዝለል ነው።

> የተዘረጋ ክር ይሰበሰባል፤ የተቆራረጠ ፕሮቲን ግን አይቀጠልም።

የባሕር ጃርቶቹ ሐምሌ

ነገሩ የጀመረው ማፍረስን በማይፈልግ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ዉድስ ሆል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ባሕሩ ለምርምር የሚመች እንስሳ ስለሚሰጥ ሳይንቲስቶች በየበጋው ወደ ባሕር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራዋ ይጎርፋሉ። ከነዚህ እንስሳት አንዱ የባሕር ጃርት ነው፤ ድቡልቡልና እሾሃማ። ፖታሲየም ክሎራይድ ሲወጉት እንቁላሎቹን ያዘንባል። የወንዱ ዘር ሲጨመርባቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው እንቁላሎች ጊዜ ጠብቀው አብረው ይከፈላሉ። አንዲቷን ህዋስ ነጥሎ መመርመር የማይችል ሰው የብዙዎቹን ድምር ወስዶ ሰዓታቸውን መከታተል ይችላል።

እንግሊዛዊው ቲም ሃንት በሐምሌ 1982 እዚያ የተገኘው ክፍፍልን ሊያጠና አልነበረም። ሥራው እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ ፕሮቲን እንዴት እንደሚመረት መከታተል ነበር። ጨረር የሚያመነጭ ሜታዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ለእንቁላሎቹ ሰጠ፤ አዲስ የሚሠራ ፕሮቲን ሁሉ ይህን ስለሚወስድ በኤክስሬይ ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ናሙና ባጭር ባጭር ጊዜ እየወሰደ በጄል ለያይቶ ፊልሙን አጠበ። መስመሮቹ እንደተጠበቀው እያደር ጠቆሩ። አንዱ ግን ጠቆረ፣ ጠቆረና ድንገት ጠፋ። እንደገና ጠቆረ፤ እንደገና ጠፋ። የጠፋበት ሰዓት እንቁላሎቹ ከሚከፈሉበት ሰዓት ጋር ገጠመ።

ጽሑፉ በ1983 ታተመ፤ ፕሮቲኑም ሳይክሊን ተባለ። ከዚያ ቀደም ብለው በሲያትል የዳቦ እርሾ የሚያጠናው ሊላንድ ሃርትዌልና በብሪታንያ ሌላ ዓይነት እርሾ የያዘው ፖል ነርስ ክፍፍልን የሚመሩ ጂኖችን ለቅመው ነበር። በ1987 የነርስ ቡድን ከነዚህ ዋነኛው በሰው ህዋስም ውስጥ እንዳለ አሳየ። ዛሬ ሲዲኬ 1 የምንለው ኢንዛይም ነው፤ ሳይክሊን ካልተጣመረው አይሠራም። ሦስቱ ሰዎች በ2001 የሕክምናን ኖቤል ተካፈሉ።

ሳይክሊን ሲጠራቀም ህዋሱ ወደ ክፍፍል ይገባል፤ ይህ ግልጽ ሆነ። መውጫውስ? በ1989 አንድሩ መሪይ፣ ማርክ ኪርሽነርና ባልደረቦቻቸው ከእንቁራሪት እንቁላል በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ፊተኛው ጫፉ የተቆረጠ ሳይክሊን ጨመሩ። ጫፉ የሌለው ሳይክሊን አልፈርስ አለ፤ ፈሳሹም ክፍፍል መሐል ቆሞ ቀረ። ስለዚህ መውጫው የሳይክሊን መፍረስ ነው፤ የሚያፈርሰውን ማግኘት ብቻ ቀረ።

የተቀቀለው ፈሳሽ

የመልሱ ግማሽ ከዚያ በፊት በሃይፋ ተገኝቶ ነበር። በቴክኒዮን የሚሠራው አቭራም ሄርሽኮና የዶክትሬት ተማሪው አሮን ቺካኖቨር የያዙት እንቆቅልሽ በጊዜው ብዙ ሰው የሚሻማበት አልነበረም። ሆዳችን ውስጥ ሥጋ ሲፈጭ ፕሮቲኑን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ለመቁረጡ ጉልበት አያስወጡም። በ1953 የተደረገ ጥናት ግን ፕሮቲን በህዋስ ውስጥ ሲፈርስ ጉልበት እንደሚጠይቅ አሳይቶ ነበር። ለማፍረስ ለምን ይከፈላል? ህዋስ ያለ ምክንያት ጉልበቱን፣ ማለትም ኤቲፒውን፣ አያባክንም፤ ከከፈለ የሚመርጠው ነገር አለ ማለት ነው።

ከጥንቸል ደም ያልበሰሉ ቀይ ህዋሳት ወስደው ጭማቂያቸውን ለሁለት ከፈሉት። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም አይሠሩም፤ ሲቀላቀሉ ፕሮቲን ያፈርሳሉ። አንደኛው ክፍል ሄሞግሎቢን የሞላበት ቀይ ፈሳሽ በመሆኑ የሚፈለገውን ከውስጡ ለይቶ ማውጣት አስቸገረ። ስለዚህ ቀቀሉት። ሄሞግሎቢኑ ረግቶ ሰፈረ፤ ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ግን ሥራውን አልተወም። አብዛኛው ፕሮቲን በፈላ ውሃ የሚበላሽ ሆኖ ሳለ ይህኛው ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ሙከራ ማንኛውም ቤተ ሙከራ በምድጃ ሊሠራው ይችላል፤ ለዚህም ይመስለኛል ተመራማሪዎች ሲያወሩት ፊታቸው የሚፈካው።

ውጤቱ በ1978 ታተመ። ሁለቱ በፊላደልፊያ ፎክስ ቼዝ የካንሰር ማዕከል ከነበረው ኢርዊን ሮዝ ጋር ሥራውን ቀጠሉ፤ በ1980ም ያ ሙቀት የማይበግረው ነገር በ1975 ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግ የተገኘው ዩቢኩዊቲን መሆኑ ተረጋገጠ። 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። የእርሾውና የሰው ዩቢኩዊቲን የሚለያዩት በሦስት አሚኖ አሲድ ነው፤ በዝግመተ ለውጥ ረጅም መንገድ ይህን ያህል ሳይነካ የቆየ ፕሮቲን ጥቂት ነው። ሦስቱ በ2004 የኬሚስትሪን ኖቤል ወሰዱ፤ ሄርሽኮና ቺካኖቨር በሳይንስ ዘርፍ ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያዎቹ እስራኤላውያን ናቸው።

ዝርዝሩን የያዙት

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲፈርስ የተወሰነበት ቤት ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ቀለሙ ቤቱን አያፈርስም። ማሽኑም የማን ቤት መሆኑን አይጠይቅም፤ ምልክት ያለበትን ይንዳል። ክብደቱ ያለው ዝርዝር ይዞ ከቤት ቤት በሚዞረው ሰው ላይ ነው። ዩቢኩዊቲን ቀለሙ ነው፤ ፕሮቲያዞም የሚባለው ባዶ በርሜል መሳይ ቆራጭ ማሽኑ ነው፤ ላይጌዙ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ በህዋስ ውስጥ ቀለሙ ከመፍረሱ በፊት ተልጦ ለሌላ ምልክት ይውላል፣ ፍርስራሹም አሚኖ አሲድ ሆኖ ወደ አዲስ ግንባታ ይገባል።

ምልክቱ እስኪለጠፍ በሦስት እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ኢንዛይም ኤቲፒ ከፍሎ ዩቢኩዊቲንን ያነቃዋል፤ ሄርሽኮና ቺካኖቨር ፍለጋ የጀመሩበት የጉልበት ሒሳብ አንዱ እዚህ ላይ ይወራረዳል። ሁለተኛው ተቀብሎ ይሸከመዋል። ሦስተኛው፣ ላይጌዙ፣ የሚፈርሰውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዝና ዩቢኩዊቲኑ እንዲለጠፍበት ያደርጋል። አንዳንድ ላይጌዝ ዩቢኩዊቲኑን ራሱ ተቀብሎ ያቀብላል። ብዙዎቹ ግን ተሸካሚውን ከሚፈርሰው ፕሮቲን ጋር አቀራርበው መያዝ ብቻ ነው ሥራቸው። አንዱ ላይ ሌላው እየተቀጠለ ሰንሰለት ሲሆን ፕሮቲያዞሙ ያየዋል፤ ይስበዋል፤ በጠባቡ ቀዳዳ አስገብቶ ይቆራርጠዋል።

የቁጥራቸው ነገር ብዙ ይናገራል። ሰው ዩቢኩዊቲንን የሚያነቁ ሁለት ኢንዛይሞች አሉት። ተሸካሚዎቹ ወደ 40 ይጠጋሉ። ላይጌዞቹ ከ600 ይበልጣሉ። ቀለም መቀባት ለማንም የሚሰጥ ሥራ ሲሆን መምረጥ ግን ባለሙያ ይፈልጋል።

አንዷ እስክትደርስ

በ1991 ማይክል ግሎትዘር፣ መሪይና ኪርሽነር ሳይክሊን የሚፈርሰው በዩቢኩዊቲን መንገድ መሆኑን፣ ፊተኛው ጫፉ ላይም ለመፍረስ የሚያሳጨው አጭር ክፍል እንዳለ አሳዩ። ሁለቱ ወንዞች፣ የባሕር ጃርቱና የጥንቸሉ ደም፣ እዚህ ተገናኙ። ላይጌዙ ራሱ የተገኘው በ1995 ነው። በሃርቫርድ የኪርሽነር ቡድን ከእንቁራሪት እንቁላል፣ ሄርሽኮ ደግሞ በባሕር ዛጎል ውስጥ ከምትኖር እንስሳ እንቁላል በየፊናቸው ደረሱበት። ዛሬ ኤፒሲ ይባላል። በሰው ህዋስ ውስጥ 14 ዓይነት ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ግዙፍ ስብስብ ነው፤ ለአንድ ፕሮቲን ምልክት ለማድረግ ይህን ያህል ማሽን ለምን አስፈለገ የሚል ሰው መልሱን የሚያገኘው ኤፒሲ መቼ ዝም እንደሚል ሲያይ ነው።

ኤፒሲ ብቻውን የሚያፈርሰውን አይለይም፤ ሲዲሲ 20 የሚባል ረዳት ይፈልጋል። ወደ መጀመሪያው ፊልም እንመለስ። በአንድ ወገን ክር ያልያዛት ክሮሞሶም በዚያ በኩል የመያዣ ቦታዋ ባዶ ነው፤ ካይኔቶኮር ይሉታል። ባዶው ቦታ ማድ 2 እና መሰሎቹን እየሰበሰበ ሲዲሲ 20ን የሚያስር ስብስብ ያመርታል። ሲዲሲ 20 ከታሰረ ኤፒሲ ሥራ የለውም። አንዲት ባዶ ካይኔቶኮር ለመላው ህዋስ የሚበቃ መከልከያ ታመርታለች።

ይህ ግምት እንዳልሆነ የሚያሳይ ሙከራ በ1995 ታተመ። ኮንሊ ሪደርና ባልደረቦቹ አንዲት ክሮሞሶም ዳር ቀርታ የቆመ ህዋስ ፈልገው፣ የቀረችውን ክሮሞሶም ባዶ ካይኔቶኮር በሌዘር ነጥለው አቃጠሉት። ክሮሞሶሟ ከሰልፉ አልገባችም፣ ባዶ በነበረው ወገንም ክር አልያዛትም። ህዋሱ ግን መከፈሉን ቀጠለ። ህዋሱን ያስቆመው የዚያ ባዶ ቦታ መከልከያ እንጂ የክሮሞሶሟ ከሰልፍ አለመግባት አልነበረም። በዚህ ዘርፍ ከተነበቡት ሙከራዎች ሁሉ አንድ ብቻ ለተማሪ ማሳየት ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህንን ነው።

> ህዋሱ የሚሰማው የደረሱትን አይደለም፤ ያልደረሰችውን ነው።

የመጨረሻዋ ስትያዝ መከልከያው ይቋረጣል፣ ሲዲሲ 20 ይፈታል፣ ኤፒሲ ሁለት ፕሮቲኖች ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዱ ሴኩሪን ነው። ሴኩሪን ሴፓሬዝ የሚባለውን መቁረጫ ጭኖ ይዞታል፤ ሴኩሪን ሲጠፋ መቁረጫው ይለቀቃል። መንታ ክሮሞሶሞችን አንድ ላይ ያሰራቸው ኮሂሲን የሚባል የፕሮቲን ቀለበት ነው፤ ሴፓሬዝ ቀለበቱን ይበጥሰዋል። በቪየና የኪም ናዝሚት ቡድን ይህን በእርሾ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሳየ፤ በሰው ህዋስም ተከተለ። ሁለተኛው ሳይክሊን ነው፤ እሱ ሲፈርስ ሲዲኬ 1 ይበርዳል፣ ህዋሱም ወደ ሁለት የሚለይበት ደረጃ ይገባል። አንድ ላይጌዝ ሁለቱን ሥራ መያዙ ጥቅም አለው። ክሮሞሶሞቹ ሳይላቀቁ ህዋሱ ተቆርጦ እንዳይቀር የሚያደርገው ይኸው አያያዝ ነው።

የፓቶሎጂስቱ ቆጠራ

የጡት እብጠት ናሙና ሲመረመር ፓቶሎጂስቱ ከሚቆጥራቸው ነገሮች አንዱ በክፍፍል ላይ ያሉ ህዋሳት ብዛት ነው። ሮዝና ወይን ጠጅ በተቀባው ስላይድ ላይ የጠቆሩና የተሰበሰቡ ክሮሞሶሞች ያፈላልጋል። አንዳንዴ ክሮሞሶሞች በሁለት ፋንታ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሲሳቡ ያገኛል። ልምድ ያላቸው ፓቶሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ሲያዩ የዕጢውን ደረጃ ከመጻፋቸው በፊት ወደ መጥፎው እንደሚያጋድል ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ኤፒሲ ብቻውን አይወቀስም። ህዋሱ ወደ ክፍፍል ከመግባቱ ቀድሞ፣ ዲኤንኤውን ለማባዛት ሲወስን ሌላ የላይጌዝ ቤተሰብ ይሠራል፤ ኤስሲኤፍ ይባላል። የሚፈርሰውን የሚለየውን ቁራጭ እየቀያየረ ይገጥማል። ኤስኬፒ 2 ሲገጠምለት ፒ 27 የተባለውን ክፍፍልን የሚገታ ፕሮቲን ያስወግዳል። ኤፍቢደብሊው 7 ሲገጠምለት ደግሞ ክፍፍልን የሚገፋውን ሳይክሊን ኢ ያስወግዳል። አንዱ ገቺውን፣ ሌላው ገፊውን ያፈርሳል ማለት ነው። በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ኤስኬፒ 2 ከልክ በላይ ይገኛል፤ ኤፍቢደብሊው 7 ደግሞ በጂን ስህተት ተበላሽቶ ይገኛል። ወጣት ተመራማሪዎች የሚሳቡት ወደዚህ ቤተሰብ ነው። ኤፒሲ የሌለው ህዋስ ይሞታልና ለመድኃኒት የሚያስደፍር አይመስልም፤ የኤስሲኤፍ ቁራጭ ግን አንዱ ቢነካ ሌላው ይቀራል።

ኬሞ ክፍል ውስጥ

በጥቁር አንበሳ የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርሶች በግሉኮስ ከረጢት የሚያንጠለጥሏቸውን ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል ታካሚዎች ስማቸውን ሳይሆን ጠባያቸውን ነው የሚያውቁት። አንዱ እግርና እጅ ያደነዝዛል፣ ሌላው ፀጉር ያረግፋል። ሁለቱም የተገኙት ከዕፅዋት ነው፤ የመጀመሪያው ከማዳጋስካር አበባ፣ ሁለተኛው ከአሜሪካ ጫካ ዛፍ ቅርፊት። ቪንክሪስቲን ክሮቹ እንዳይሠሩ ያደርጋል፤ ፓክሊታክሰል ደግሞ የተሠሩት እንዳይፈቱ። ውጤቱ አንድ ነው፤ ካይኔቶኮሮች በሥርዓት ሳይያዙ ይቀራሉ፣ ሲዲሲ 20 እንደታሰረ ይቆያል፣ ኤፒሲ ዝም ይላል፣ ህዋሱ መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል። ብዙ የቆመ ህዋስ ወይ ይሞታል፣ ወይ ሳይክሊኑ ቀስ በቀስ እያለቀበት ሳይከፈል ያመልጣል። የፀጉር ሥርና የደም ህዋሳት ሁልጊዜ የሚባዙ በመሆናቸው የመድኃኒቱ ዱላ ያርፍባቸዋል። ታማሚዋ «ለምን ፀጉሬ?» ስትል ሐኪሙ መድኃኒቱ የሚባዛውን ሁሉ ነው የሚያገኘው ብሎ ያስረዳል፤ መልሱ ልክ ነው።

ሰው 46 ክሮሞሶም እንዳለው ያወቅነው ራሱ በዚሁ ዘዴ ነው። ከ1956 በፊት መጻሕፍት 48 ይሉ ነበር። ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በስዊድን ሉንድ ኮልቺሲን የተባለ የዕፅዋት ውጤት ተጠቅመው ህዋሳቱን ክሮሞሶሞቹ በተሰበሰቡበት አቆሟቸውና ቆጠሩ። ቆጠራው የተቻለው ኤፒሲ ዝም ስላለ መሆኑን በዚያን ጊዜ ማወቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

ከሌላኛው ጫፍ የመጣ መድኃኒትም አለ። ቦርቴዞሚብ ላይጌዙን ትቶ ፕሮቲያዞሙን ይዘጋል፤ ምልክት የተደረገበት ሁሉ ሳይፈርስ ይከመራል። አሜሪካ በ2003 ለማይሎማ፣ ማለትም ለአጥንት መቅኔ ካንሰር ፈቅዳዋለች። ብዙ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት የማይሎማ ህዋሳት ቆሻሻ ሲከመርባቸው ከሌሎች ቀድመው ይወድቃሉ።

ቫይረሱ ላይጌዝ ሲዋስ

ለአንባቢ ቅርብ የሆነው የላይጌዝ ታሪክ ግን በጤና ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 ማብቂያ፣ በእኛ 2011 ዓ.ም.፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት መስጠት ጀመረች። ዘመቻው በሚመጣበት ሰሞን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚነሳው ወሬ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ መካን ያደርጋል ይባላል። ክትባት ሰጪዎቹ በየዓመቱ ይህን ሲያስረዱ ይውላሉ። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ጂን የለውም። የሚያስፈራው ነገር በቫይረሱ ጂኖች ውስጥ ነው ያለው።

ፒ 53 የሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤ ሲጎዳ ክፍፍልን ያቆማል፤ ጉዳቱ ከበዛ ህዋሱ እንዲሞት ያደርጋል። ጤናማ ህዋስ ፒ 53ን ኤምዲኤም 2 በሚባል ላይጌዝ እያፈረሰ በመጠን ይይዘዋል፤ ጉዳት ሲመጣ ያ ላይጌዝ ይገታና ፒ 53 ይከማቻል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጡት የቫይረሱ ዓይነቶች፣ 16 እና 18 ዋነኞቹ፣ ኢ 6 የተባለ ፕሮቲን ይሠራሉ። ኢ 6 ራሱ ማፍረስ አይችልም። ኢ 6ኤፒ የተባለውን የሰውን ላይጌዝ ይይዝና አመሉ ያልሆነውን ፒ 53 ያስይዘዋል። በ1990 የማርቲን ሼፍነርና የፒተር ሃውሊ ቡድን ፒ 53 በዚህ መንገድ እንደሚፈርስ አሳየ፤ በ1993 ደግሞ ኢ 6ኤፒ ራሱ ላይጌዝ መሆኑ ተረጋገጠ። ኢ 7 የሚባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ ህዋሱ ሳያርፍ እንዲባዛ ይገፋዋል። ገፊ አለ፣ ገቺ የለም።

በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚገኙት የሄላ ህዋሳት ማስረጃው ናቸው። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ከሄንሪየታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር ተወስደው እስከ ዛሬ ይባዛሉ፤ የዓይነት 18 ቫይረስ ጂኖች ውስጣቸው አሉ። ተመራማሪዎች ኢ 6ንና ኢ 7ን ሲያጠፉባቸው ፒ 53 ይመለሳል፤ መባዛታቸውም ይቆማል።

ክትባቱ ቫይረሱ ህዋስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው የሚያግደው። አንዴ ከገባና ላይጌዙን ከያዘ በኋላ አያስለቅቀውም። ስለዚህ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ቢከተቡም ባይከተቡም ወደ ምርመራ ይጠራሉ። ምርመራው ቀላል ነው፤ አዋላጅ ነርሷ አሴቲክ አሲድ ያለበት ጥጥ የማህፀን በር ላይ ነክታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ኒውክሊየሳቸው ያበጠና የተጨናነቁ ህዋሳት ያሉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ለብዙዎቹ መንስኤው ያው ቫይረስ ነው። ነጩ ቦታ ለሕክምና የሚመች ሆኖ ከተገኘ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ያስወግዱታል፤ ካልሆነ ደግሞ ሴቲቱ ወደ ሆስፒታል ትላካለች።